ሠላሳ ሰባት ከረጢት ዳጉሳ

የብርጓልን አሥራ ሁለት ዓመት ያንገበገባት ነገር ይህ ነው። አባቷ የዘር ዳጉሳቸውን ለእንግዳ ሰጡ። እንግዳው አልመለሰም።

ለሰሚው ትንሽ ነገር ነው። ለእሷ ግን አይደለም።

መራዊ አጠገብ የቆጋ ውኃ በቦይ ሲመጣ ሰው ሁሉ ወደ ስንዴና ወደ ድንች ዞረ። ማን ይፈርድበታል፤ ድንች ቶሎ ይደርሳል። አባቷ ብቻ ጭብጤ የምትባለውን ዳጉሳ አንድ ጎታ ይዘው ቀሩ። ጭብጤ ዛላዋ እንደ ተጨበጠ እጅ ነው። ወፍ አይፈለፍላትም። ዝናብ ቢያጥር አታሳፍርም። አንድ ቀን ሸሚዙ የተተኮሰ ሰው ደብተር ይዞ መጣ። «ለጥናት ነው አባባ፤ አባዝተን እንመልሳለን» አላቸው። ዘር ለጠየቀ አይከለከልም፤ የአገሩ ወግ ነው። አባቷ ጎታውን ጠርገው ሰጡት።

በዓመቱ ባሕር ዳር ድረስ መጥተው አንድ የብረት በር ላይ ሦስት ቀን ቆሙ። በሦስተኛው ቀን ዘበኛው «ቀጠሮ አለዎት?» አላቸው። አባቷ ቀጠሮ የሚያውቁት የፍርድ ቤቱን ብቻ ነው። «ኧረ እኔ ማንንም አልበደልሁ» ብለው ደንግጠው ወደ አገራቸው ተመለሱ። እስኪሞቱ ድረስ ከሳሻቸው ማን እንደሆነ ይጠይቁ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የብርጓል የተዘጋ በር ስታይ እጇን ይበላታል። እንጀራዋም ከዚያው ወጣ። አምስተኛ ክፍል ላይ የቆመች ሴት ለስለላ ምን ትሠራለች ይባል ይሆናል። ማንም ዞር ብሎ አያያትም። ሌላ ምን ይፈለጋል።

የካቲት ነው። ሐሙስ፣ ረፋድ ላይ። የጣና ዳር የጀልባ መቆሚያ።

ጥቁር ሻርፗን እስከ ግንባሯ አስራለች። ስሟ ሒክማ ነው፤ ከወረታ የመጣች፣ ባሏ የሞተባት እህል ለቃሚ። ይህ ሽፋኗ ነው። መሥሪያ ቤቱ ደግሞ «ነቀዝ» ይላታል። ጎተራ ገብቶ ከውስጥ የሚሠራ።

የጀልባ ደላላው ከሩቅ ይጣራል። ዘጌ፣ ገዳም፣ ዘጌ። ወደ እሷ ጠጋ አለ። ደላላ አይደለም። ምናሴ ነው፤ አለቃዋ። የሥራ ስሙ «አውድማ»።

«እህቴ፣ ዘጌ ትሻገሪያለሽ?»

«ጎርጎራ የለም?»

«ጎርጎራ እሑድ ነው።»

የይለፍ ቃሉ አበቃ። የክብሪት ቀፎ ከእጇ ወደ እጁ አለፈ። ውስጡ የታጠፈ ወረቀት አለ። በሁለት ወር ፊደል በፊደል የገለበጠችው ነው። ሠላሳ ሰባት የዳጉሳ ስም። የገበሬው ስም። ቀበሌው።

«ሳጥኑ?» አለ፣ ሐይቁን እያየ።

«እንዳለ ነው። ሠላሳ ሰባት ከረጢት። እያንዳንዱ አንድ ብርጭቆ ዳጉሳ።»

«በሳጥኑ ያለው የመጨረሻው ዘር ነው» አለ ምናሴ። « ከየገበሬው ጎታውን ሙሉ ወስደው፣ አንድ ብርጭቆ አስቀርተው ሌላውን ወፍጮ አስገብተውታል። ገዢው ዘሩ ሌላ ሰው ዘንድ እንዲገኝ አይፈልግም።»

ገዢውን መሥሪያ ቤቱ «ወፍ» ይለዋል። ማን እንደሆነ እሷ አታውቅም። ለወፍ የሚለቅመው ማን እንደሆነም አታውቅም። የተነገራት ምናሴ ሊይዛቸው እንደሆነ ነው።

«ቅዳሜ አሥር ሰዓት ሳጥኑ ይወጣል» አለ። «አትንኪው። ከወጣ በኋላ እንይዘዋለን።»

«በጥርም እንዲሁ ተብሎ ነበር። ያ ሳጥን ወጣ፤ ማን ተያዘ?»

«ነቀዝ፣ የአንች ሥራ ማየት ነው።»

ወደ ሌሎች ተሳፋሪዎች ዞሮ መጣራቱን ቀጠለ።

መጋዘኑ ከቅዳሜ ገበያ ጀርባ ነው። የሐጂ አብዱልበሲጥ ነው፤ እሳቸው ግን ወገባቸውን ታመው ከተኙ ቆይተዋል። የምትመራው ሚስታቸው ጀሊላ ናት። ስልሳ ዓመቷ ነው፤ ዓይኗ ግን ከሚዛን ይበልጣል። ከመጋዘኑ ጥግ በጣውላ የተከለለች ክፍል አለች። ለጥናት ሰዎች ተከራይታለች። ሳጥኑ ያለው እዚያ ነው።

ዘንድሮ ሁለቱ ጾሞች ገጠሙ። ከከተማው ገሚሱ ረመዳን ላይ ነው፣ ገሚሱ ሁዳዴ ላይ። የብርጓል በልቧ የራሷን ትጾማለች፣ በአደባባይ የሌላውን። ስግደቱን አስተማሪ ቀጥረው አስተምረዋታል። ከጀሊላ ጎን ግንባሯን ምንጣፍ ላይ ስታደርግ ያሳፍራታል። ሰው ከፈጣሪው ጋር ሲነጋገር ሾልኮ ማድመጥ ነው። ይህን ለአለቃዋ ብትነግረው ሳቀባት።

ዓርብ ጠዋት አንድ የማክሰኝት ነጋዴ ሽምብራ አመጣ።

«ሒክማ፣ እርጥብ እንዳይሆን እስኪ እይው» አለች ጀሊላ።

የብርጓል አንዷን ፍሬ አነሣች። እጇ የገዛ ልማዱን ተከተለ።

ቀጭ።

ፍሬዋ በጥርሷ መሀል ለሁለት ተከፈለች።

ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። በዚያ ሰዓት ሽምብራ የሚሰብር ጥርስ በሁለቱም ጾም የለም።

ነጋዴው አላየም። ጀሊላ ግን አየች። ሽምብራውን መዘነች፣ ነጋዴውን ሸኘች፣ በሩን ዘጋች።

ቁልፉ ሁለት ጊዜ ዞረ።

«ዋጥሽው?»

«ተፋሁት፣ እትዬ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። የሴት ነገር ይዞኝ ነው፤ ጾሙን ፈትቻለሁ።»

«እንደዚያ ስትይ ባመንሁሽ ነበር። ግን ጠዋት ከጎኔ ቆመሽ ሰግደሻል። የሴት ነገር የያዛት ትሰግዳለች?»

ይህን አስተማሪው ነግሯት ነበር። ረስታዋለች።

«ደግሞ የወረታ ነጋዴ እህል ውስጥ ክንዱን ይከታል እንጂ አይነክስም» አለች ጀሊላ። «የሚነክስ ገበሬ ነው። የማን ልጅ ነሽ? ሌባ ነሽ?»

«ሌባ አይደለሁም።»

«እንግዲያ ምን ልበልሽ? ሌባማ ቢያንስ አይሰግድም።»

መስኮቱ የብረት ፍርግርግ አለው። በሩ አንድ ነው። የብርጓል መዋሸት ደከማት።

«የመጣሁት ለሳጥኑ ነው። የገበሬ ዘር ሰርቀው ሊያወጡት ነው። የሚወስደውን ሰው ልናውቅ ነው።»

ጀሊላ ሳቀች፤ ደስታ የሌለው ሳቅ ነው።

«ለዚህ ነው ሁለት ወር ምንጣፌ ላይ የተንከባለልሽው? ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር። የኔ ባል ያለ መታወቂያ የጥላ ቦታ አያከራይም።»

ከደብተር መሀል አንድ ፎቶ ኮፒ አወጣች። የመንግሥት መታወቂያ ነው። ጥቁርና ነጭ፣ ደብዘዝ ያለ።

ምናሴ ነበር።

የብርጓል ማዳበሪያ ከረጢቱ ላይ ቁጭ አለች። ሐሙስ ያስረከበችው ወረቀት ትዝ አላት። በጥር ያስረከበችውም።

«እሱ ነው የላከኝ» አለች።

«አላህ ያውጣሽ» አለች ጀሊላ። ድምፅዋ ትንሽ ለዘበ። ከዚያ መልሶ ጠነከረ። «ፖሊስ አልጠራም። የሐጂ ስም እንዲነሣ አልፈልግም። ነገ አሥር ሰዓት ሳጥኑም አንችም ከቤቴ ትወጣላችሁ። ሁለታችሁንም አላወቅሁም።»

ለክፉ ቀን የተሰጣት ስልክ ቁጥር አለ። ከምናሴ በላይ ላሉት ነው። በስድስት ዓመት አንድም ጊዜ አልደወለችበትም። ደወለች። የሴት ድምፅ አነሣ።

«ነቀዝ ነኝ። አውድማ ለወፍ ነው የሚሠራው። ማስረጃ አለኝ።»

የቁልፍ ሰሌዳ ድምፅ ተሰማ። ሴትዮዋ እየጻፈች ነው።

«ተመዝግቧል። ለሚመለከተው እንመራዋለን።»

«የሚመለከተው ማነው?»

«የጣና አካባቢ አስተባባሪ።»

«እሱኮ አውድማ ነው። የምከሰውኮ እሱን ነው።»

«አሠራሩ እንደዚያ ነው፣ እህት።»

«ለሌላ ሰው ስጡልኝ። ለማንም።»

«በሌላ መስመር አይገባም። መልካም ቀን።»

ከአንድ ሰዓት በኋላ ከምናሴ መልእክት ገባ። «ደውለሽ ነበር አሉኝ። እንዳትሄጂ። ነገ እንነጋገራለን።»

ብትሮጥ የት ትሮጣለች? መናኸሪያው የእሱ ሰው አለበት፣ የጀልባ መቆሚያው ራሱ እሱ ነው። ሳጥኑን ይዛ ብትወጣ ድልድዩን ሳትሻገር ትያዛለች። ፖሊስ ዘንድ ብትሄድ መታወቂያዋ የሐሰት ነው፣ የእሱ የእውነት። ሁሉንም መንገድ አንድ በአንድ አሰበችው። ሁሉም አንድ ሰው ደጅ ላይ ያልቃል።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ጥጓ ክፍል ገባች። የሳጥኑን ቁልፍ በሳሙና ቀርጻ ካሠራችው ወር ሆኖታል። ከፈተችው።

ከገበያው ዳጉሳ አንድ ጆንያ ጎትታ አመጣች። ለጠላ የሚሸጥ ተራ ዳጉሳ ነው። ከተማሪ ደብተር ገጽ ቀደደች። የመጀመሪያውን ከረጢት ፈትታ ዘሩን በወረቀት ጠቀለለች፣ ስሙን ጻፈችበት፣ ከረጢቱን በገበያው ዳጉሳ ሞላችው። ወደ ሁለተኛው ሄደች።

ጥቁሬ። ዘርጌ። ሰባት ጣት። ቀድሞ ደራሽ። የመበለት እጅ። ስማቸውን እያነበበች ሳቅም እንባም መጣባት። ሰው ሥራ ፈትቶ አይደለም ይህን ሁሉ ስም ያወጣው። አንዱ ለውርጭ ነው፣ አንዱ ለጭቃ፣ አንዱ ለረኃብ ወር።

ሠላሳ አንደኛውን ከረጢት ስታነሣ እጇ ቆመ።

«ጭብጤ። እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ። መራዊ ዙሪያ።»

ስሙን ዝርዝሩን ስትገለብጥ ጽፋዋለች፤ ዘሯን በእጇ ስትይዛት ግን ገና አሁን ነው። እማሆይን ታውቃቸዋለች። የአባቷ ጎረቤት ናቸው። አባቷ ድሮ ሰጥተዋቸው ኖሯል። ቀርታለች። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያው ነበረች።

ጭብጤን በሁለት ወረቀት ጠቀለለቻት።

ስድስት ሰዓት ላይ ሠላሳ ሰባቱ ጥቅሎች ግድግዳውን ተደግፈው ተደረደሩ። ሳጥኑን ቆለፈችው። ገና አራት ሰዓት አላት። አውጥታ በሽምብራው ሥር ትቀብራቸዋለች፣ ከዚያ...

የውጭው በር ተንኳኳ።

«ማነው?» አለች ጀሊላ።

«እኔ ነኝ እናቴ። ለሳጥኑ።»

ምናሴ። አራት ሰዓት ቀድሞ።

«ውዱእ ላይ ነኝ። ቁም እዚያው።»

ጀሊላ ለስግደት እየታጠበች አልነበረም። የውኃውን ጆግ አነሣችና ሲሚንቶው ላይ ቀስ እያለች አፈሰሰችው። ዞራም አላየቻትም።

የብርጓል ጥቅሎቹን አየች። ሠላሳ ሰባት ስም፣ በእሷ ጽሕፈት። መደበቂያ የለም።

ሰፌዱን ሳበች።

የመጀመሪያውን ጥቅል ፈትታ ደፋችው። ሁለተኛውን። ጥቁሬ ከዘርጌ ላይ ፈሰሰ። ሰባት ጣት ከሁሉም ላይ። ዳጉሳ በዛላው ሳለ ነው የሚለየው፤ አንዱ ይጨብጣል፣ አንዱ ይዘረጋል። ከተወቃ በኋላ ስም የለውም። ሰናፍጭ የምታህል ፍሬ ናት፣ ሁሉም ቀይ ቡናማ። ወረቀቶቹን ጨምድዳ በዶሮ መኖ ጆንያ ውስጥ ከተተች።

ጭብጤ ብቻ ቀረች።

ጥቅሏን ጡቷ ሥር ሸጎጠች።

ጆጉ ባዶ ሆኖ ተቀመጠ። የጀሊላ እርምጃ ወደ በሩ ሄደ።

ይፈትሸኛል፣ አለች በልቧ። አንዷን ካገኘ ሁሉንም ያገኛል።

አወጣቻት። ደፋቻት። በእጇ አማሰለቻት።

ቁልፉ ሁለት ጊዜ ዞረ።

ምናሴ ሲገባ የብርጓል ወለል ላይ ተቀምጣ ዳጉሳ ታበጥራለች። ገለባው ጫማው ላይ ተነፋ።

«ሪፖርትሽን አነበብሁት» አለ። «ለኔው ነው የመጣው። ዘጋሁት።»

ማበጠሯን ቀጠለች።

«ኪስሽን።»

ተነሣች። ኪሷን ገለበጠች። ሻርፗን አስፈታት፤ የቀሚሷን ጠርዝ በጣቱ ዳሰሰ፤ ጀሊላን «እናቴ፣ ደረቷን ይፈትሹልኝ» አላት። ጀሊላ ፈተሸቻት። እጇ ቀዝቃዛና ፈጣን ነበር።

«ምንም የላትም። ሠራተኛዬ ናት። ማታ ለወፍጮ የሚሄድ እህል ላይ አስቆምሃት።»

ምናሴ ወደ ሰፌዱ ጎንበስ አለ። ጣቱን አስገባ። አማሰለ።

የብርጓል ሻርፗን መልሳ አሰረች።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ዳጉሳ ነዋ» አለች ጀሊላ። «ዓይንህ ጾም ነው እንዴ?»

ሳጥኑን ከፈተ። ከከረጢቶቹ አንዱን ፈታ፣ መዳፉ ላይ ትንሽ አፈሰሰ። ያየውን አየ። መልሶ አሰረው። ሠላሳ ሰባት ድረስ ቆጠረ።

«ዳጉሳ ዳጉሳ ነው» አለ። «እብድ ነው የሚገዛው። ግን ዝርዝርሽን ወዶታል። ጽሕፈትሽ ጥሩ ነው።»

ሳጥኑን በትከሻው አነሣ። በሩ ላይ ቆመ።

«ከዛሬ ጀምሮ ፋይል የለሽም። የሠራሽበት ቦታ የለም። ብትናገሪ የሚያውቅሽ አይገኝም። ደግ ሰው ስለሆንሁ ነው በዚህ የተውሁሽ።»

ወጣ። ባጃጁ ተነሣ። ሠላሳ ሰባት ብርጭቆ የጠላ ዳጉሳ ይዞ ሄደ።

ጀሊላ የሰፌዱን ዳጉሳ በአንድ ከረጢት አድርጋ ሰጠቻት።

«ለሰገድሽው አንች ራስሽ መልስ ትሰጫለሽ» አለች። «ለፈተሽሁሽ ደግሞ እኔ። ሂጂ።»

መራዊ ዙሪያ፣ እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ ቆባቸውን አስተካክለው ከረጢቱን ፈቱ። አንዷን ፍሬ ነከሱ።

«ደርቋል። የኔ የትኛዋ ናት?»

«አላውቅም፣ እማሆይ። ተቀላቅሏል። እኔ ነኝ የቀላቀልሁት።»

«እንግዲህ ዛላው ሲወጣ ነው የሚነግርሽ።»

«ጎታዎት ውስጥ ትንሽ አልቀረም?»

«ጠርጌ ነው የሰጠሁት። ለጠየቀ ይከለከላል እንዴ?»

የብርጓል ከረጢቱን መልሳ አሰረች።

ሰኔ ላይ የእማሆይ የእኩል አራሽ ገድሉ ግማሽ ጥማድ ለቀቀላቸው። እያጉረመረመ ነው። «ሰው ድንች ይተክላል፣ እኔ የመነኩሴ ቅልቅል እዘራለሁ» አለ። የብርጓል በጉልበት ሠራተኛነት አደረች። አረመች። ስሟን ማንም አልጠየቀም። በነሐሴ በረዶ ወረደና የታችኛውን ወገን ደቆሰው። እሷ ቆማ አየች እንጂ ምን ታደርጋለች።

ጥቅምት ላይ ዛላው ወጣ። በየማለዳው እየገባች ቆጠረች። የተዘረጋው። የጎበጠው። ጥቁሩ። በአንድ አገዳ ሰባት ጣት ያለው። ሃያ ዘጠኝ ዓይነት አገኘች። ስምንቱ የሉም።

ጭብጤም የለችም።

ማሳውን በጉልበቷ እየዳኸች ሦስት ጊዜ ዞረችው። እማሆይ ዳር ላይ ሆነው ይጠብቋታል።

«አለች?»

«የለችም።»

«ከታች በኩል ነበረች ይሆናል» አሉ፤ በረዶው ወዳለፈበት እያዩ።

ሰብሉ ሲደርስ የብርጓል ዛላውን በየዓይነቱ ቆረጠች። በየራሱ አገዳ አሰረችው። ሃያ ዘጠኝ እስር። እማሆይ ጎታቸውን ከፍተው ጠበቁ። አላስገባችላቸውም። አንዱን እስር ብቻ ሰጠቻቸው።

ሌሎቹን ተሸክማ ወጣች። አንዱን ለገድሉ ሰጠች፤ አጉረመረመና ተቀበለ። ሌላውን ከወንዙ ማዶ ላለችው መበለት። ሌላውን ለቄሱ ሚስት። ሌላውን ድንች ብቻ ለሚያውቀው ጎረምሳ። ሦስት ቀን ፈጀባት። በየቤቱ የተናገረችው አንድ ቃል ነው።

«ለጠየቀ ስጡ። ጠርጋችሁ ግን አትስጡ። አባቴ ጠርጎ ሰጥቷል።»

በሃያ ዘጠነኛው ቤት ያለችው ሴት እስሩን ከእጇ ተቀብላ አገላበጠችው።

«ማን ሰጠኝ ልበል?»

«ጎረቤትሽ።»

«የትኛዋ ጎረቤቴ?»

የብርጓል ያን ጊዜ መንገድ ጀምራ ነበር። መራዊ ስትደርስ ሚኒባሱ ሊወጣ ሞተሩን አስነሥቷል። ረዳቱ ባዶውን ወንበር እያሳየ «አንድ ሰው፣ አንድ ሰው» ይላል።

ገባች።